ወረት፣ ልማድ ወይስ እምነት? የባህል ለውጥን ለማጥናትና ለመተንበይ የትኛውን መንገድ እንምረጥ

"የባህል ለውጥን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ በምን ልጀምር?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ አዲስ ምርት ሊያወጣ ነው። ሌላዋ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ደርሶባታል። ሌላው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ የአምስት ዓመት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ታዟል። ሁሉም የሚጠብቁት የአንድ መሣሪያ ስም ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፦ የምታጠኑት ለውጥ ፍጥነቱ ምን ያህል ነው?

ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ ወረት። ወረት በሳምንታት መጥቶ በሳምንታት ይሄዳል። አንድ አባባል፣ አንድ የፀጉር አቆራረጥ፣ ሁሉም የሚቀባበለው አንድ ቪዲዮ። ከወረት ሥር ልማድ አለ። ሰው እንዴት እንደሚገዛ፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ምሽቱን በምን እንደሚያሳልፍ። ይህ የሚለወጠው በዓመታት ነው። ከሁሉም ሥር ደግሞ እምነት አለ። ሃይማኖትን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሰው "ትክክል ነው፣ ነውር ነው" ብሎ የያዘውን ሁሉ ማለቴ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ትውልድ ይፈልጋል።

አይቼ የማዝንባቸው ትንበያዎች ብዙዎቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው። የወረት መለኪያ ይዘው ስለ እምነት ይናገራሉ። አንድ ወር የተሰበሰበ የኢንተርኔት ግራፍ ይዘው "ወጣቱ ከእንግዲህ ቤተሰብ መመሥረት አይፈልግም" ይላሉ። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች ስታነጻጽሩ ይህችን ጥያቄ በእጃችሁ ያዙ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የፍለጋ ዳታና ማኅበራዊ ሚዲያ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጉግል ትሬንድስ ከ2004 ጀምሮ ሰዎች ምን ሲፈልጉ እንደነበር ያሳያል። በነጻ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ግራፍ ይሰጣችኋል። ግን ግራፉ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው። ከ0 እስከ 100 ያለው ቁጥር የሰው ብዛት አይደለም፤ የፍለጋ ብዛትም አይደለም። ቃሉ በዚያ ቦታና ጊዜ ከተደረገው ፍለጋ ሁሉ ውስጥ የያዘው ድርሻ ይሰላል። ከዚያ ከፍተኛው ነጥብ 100 ይባልና ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ይቀመጣል። ስለዚህ መስመሩ ሲወርድ ሰው ነገሩን ተወው ማለት ላይሆን ይችላል። የፈላጊው ቁጥር ጨምሮ፣ ሌላው ፍለጋ ግን ከእሱ በላይ አድጎ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሰው አዲስ ነገር ሲያጋጥመው "ምንድን ነው?" ብሎ ይፈልጋል። ከለመደው በኋላ ግን ማን ይፈልገዋል? በእጁ ይዞታል እኮ። አንዳንድ ነገር ልማድ በሚሆንበት ሰዓት ግራፉ ላይ የሚሞት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘውን ትልቅ ትምህርት ሁሉም ተመራማሪ ቢያውቀው እወዳለሁ። በ2008 ጉግል ሰዎች የሚፈልጓቸውን ቃላት እያየ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምት አገልግሎት ከፈተ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ከሐኪሞች የሚመጣው ሪፖርት ሳምንት ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ ፍለጋው ግን ወዲያው ይታያል። መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን አስደነቀ። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ በነበረው ወቅት ግን አሜሪካ ውስጥ በበሽታው ምልክት ሐኪም ዘንድ የሄዱትን ሰዎች መጠን ከእጥፍ በላይ አድርጎ ገመተ። በ2015 ግምቱን ለሕዝብ ማውጣቱን አቆመ። በ2014 ጉዳዩን የመረመሩት ዴቪድ ሌዘርና ባልደረቦቹ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጉግል የፍለጋ ሥርዓቱን በየጊዜው ያሻሽላል፤ ለፈላጊው ቃል ይጠቁመዋል፤ ያኔ ሰው የሚፈልገው ነገር ራሱ ይለወጣል። መለኪያው የሚለካውን ነገር ይነካዋል ማለት ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያም እንደዚያው ነው። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል በ2019 ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉ አዋቂ የትዊተር (ዛሬ ኤክስ የሚባለው) ተጠቃሚዎች ይጽፉት ከነበረው 80 በመቶ ያህሉን የሚጽፉት 10 በመቶዎቹ ነበሩ። ሌላው ዝም ብሎ ያነብ ነበር። "ኢንተርኔቱ ሁሉ ስለዚህ እያወራ ነው" ስንል የምንሰማው የእነዚያን ጥቂቶች ድምፅ ነው። እሱንም አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ምን እንደምናይ የሚወስነው ፕሮግራም፣ መርጦልን።

ታዲያ አልጠቀምበትም? እጠቀማለሁ። ወረትን ለመያዝ ከዚህ የሚፈጥን የለም። ሌላው ጥቅሙ ጥያቄ ማፍለቁ ነው፤ "ይህ መስመር በመጋቢት ወር ለምን ዘለለ?" የሚል ጥያቄ ይሰጣችኋል። መልሱን ግን ሌላ ቦታ ሂዳችሁ ፈልጉ።

ሰውን መጠየቅ

የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስሙ ከነበረበት ወርዷል። የወረደበት ምክንያት አለው። በ1936 "ሊትረሪ ዳይጀስት" የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች የድምፅ መስጫ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት። ከዚያ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ክፍለ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በዋናነት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ማን እንደነበር ገምቱት። ካርዱ ከደረሳቸው መካከል የመለሱትም ካልመለሱት የተለዩ ነበሩ። በዚያው ምርጫ የአስተያየት ጥናት ባለሙያው ጆርጅ ጋሉፕ ከዚያ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናግሯል።

የናሙና ነገር እስከ ዛሬ ያሳስባል። የፒው ማዕከል ራሱ በስልክ ያደርገው በነበረው ጥናት በ1997 ከሚደውልላቸው 36 በመቶ ያህሉ ይመልሱለት ነበር። በ2018 ይህ ወደ 6 በመቶ ወረደ።

ሁለተኛው ችግር የአጠያየቅ ነው። በ1941 ዶናልድ ራግ ያወጣው ውጤት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር በአደባባይ "ይፈቀድ?" ተብለው የተጠየቁ አሜሪካውያን ብዙዎቹ አይፈቀድ አሉ። "ይከልከል?" ተብለው ሲጠየቁ ግን ይከልከል ያሉት በግልጽ ያነሱ ሆኑ። አለመፍቀድና መከልከል ተግባሩ አንድ ነው፤ ጆሮ ላይ ግን "መከልከል" ይከብዳል። መጠይቅ ስታዘጋጁ እያንዳንዷን ቃል መዝኗት።

ሦስተኛው ችግር ሰው የሚለውና የሚያደርገው መለያየቱ ነው። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ሪቻርድ ላፒየር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። በነጮች ዘንድ በቻይናውያን ላይ ጥላቻው የከረረበት ጊዜ ነበር። 251 ሆቴልና ምግብ ቤት ገብተው አንድ ቦታ ብቻ ተከለከሉ። ቆይቶ ለቤቶቹ ደብዳቤ ጽፎ "ቻይናውያን እንግዶችን ትቀበላላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንቀበልም አሉ። እዚህ ላይ አፍ ከተግባር ከፋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተግባር ከአፍ ይከፋል። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ መያዝ ነው አደጋው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ እምነት ለውጥ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ረጅም ዕድሜ ያለውን የሕዝብ አስተያየት ጥናት እመርጣለሁ። ምክንያቱም አንድን ጥያቄ፣ በዚያው ወይም በተቀራራቢ ቃል፣ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ የሚጠይቅ ሌላ ነገር የለም። የጋሉፕ ተቋም በ1958 አሜሪካውያንን በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግ ጋብቻን ትደግፋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ 4 በመቶ ብቻ ደገፉ። በ2021 94 በመቶ ደገፉ። ያንን ግራፍ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ድንገት የዘለለበት ዓመት ፈልጉ፤ በቀላሉ አታገኙም። በየዓመቱ ጥቂት፣ በየዓመቱ ጥቂት። የአንድ ዓመት ዜና የሚያነብ ሰው ምንም አልተለወጠም ይል ነበር። ስድሳ ዓመት አብሮ የቆየ ጥያቄ ግን አንድ አገር ስለ ትዳር ያለው አመለካከት መገልበጡን መዘገበ።

ግራፉ ሲለወጥ ግን ማን ተለወጠ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት መልስ ሊኖር ይችላል። አንደኛ፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ወጣት ሳለ እንዲህ ያስባል፣ ሲያረጅ እንደ አባቱ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የትውልድ ጉዳይ ነው፤ ይህ ትውልድ ሐሳቡን ይዞት ያረጃል። ሦስተኛ፣ የዘመን ጉዳይ ነው፤ አንድ ትልቅ ነገር ደርሶ ሽማግሌውንም ልጁንም አንድ ላይ ነካው። ለትንበያ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። የዕድሜ ጉዳይ ከሆነ ነገ ያው እንደ ዛሬ ነው። የትውልድ ጉዳይ ከሆነ ነገን ከዛሬ ወጣቶች ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮናልድ ኢንግልሃርት በ1970ዎቹ በምዕራብ አውሮፓ ያየው ይህን ሁለተኛውን ነበር፤ በሰላምና በጥጋብ ያደጉት ከወላጆቻቸው የተለየ ነገር ያስቀድማሉ፣ ሲያድጉም ይዘውት ይቆያሉ አለ። ከ1981 ጀምሮ እየተካሄደ ያለው የዓለም የእሴቶች ጥናት ከዚያ ሐሳብ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ዳታውም ለማንም ክፍት ነው። "ወጣቶች እንዲህ ናቸው" የሚል ርዕስ ስታዩ ጸሐፊው ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ፈልጉ። ካልነገራችሁ፣ ራሱም አላሰበበትም።

አብሮ ተቀምጦ ማየት

የልቤን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ባለሙያዎች ኢትኖግራፊ ይሉታል። በቀላሉ ሲነገር፣ ሄዶ ከሰው ጋር መቀመጥ፣ ማየት፣ መስማት፣ መጻፍ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

በ1937 እንግሊዝ ውስጥ ማስ ኦብዘርቬሽን የሚባል ቡድን ተመሠረተ። የራሳቸውን ሕዝብ፣ ሩቅ አገር እንደሄደ አጥኚ አድርገው ሊያጠኑ ተነሡ። እናጠናቸዋለን ብለው ከዘረዘሯቸው ጉዳዮች መካከል በጦርነት መታሰቢያ ሐውልት አጠገብ ሰዎች የሚያሳዩት ሁኔታ፣ የአሽከርካሪዎች ጩኸትና የእጅ ምልክት፣ ጢም፣ ብብትና ቅንድብ ይገኙበታል። ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። ሰው ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ሲጠየቅ የተዘጋጀ መልስ ይሰጣል፤ በትንንሾቹ ነገሮች ላይ ግን አይዘጋጅም።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ላምጣ። ስለ ንባብ ልማድ ሰዎችን ሳናግር አንዲት ሴት "እኔ አላነብም" አለችኝ። ብዕሬን አንሥቼ "አታነብም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወሬ ጀመርን፣ ቆየን። ለካ በየምሽቱ በስልኳ ተከታታይ ልብ ወለድ ታነባለች፤ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት። እሷ ዘንድ ንባብ ማለት የታተመ መጽሐፍ ነው። መጠይቅ ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ ከማውቃቸው ትጉ አንባቢዎች አንዷን "የማታነብ" ብዬ መዝግቤ እወጣ ነበር። ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያረጁት የመጠይቁ ቃላት ናቸው። ይህን የሚያሳያችሁ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው።

ትሪሺያ ዋንግ የምትባል አጥኚ ያጋጠማትን ብዙ ጊዜ ተናግራለች። በ2009 ለኖኪያ ስትሠራ ቻይና ውስጥ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ሰዎች ጋር ኖራ፣ እነዚህ ሰዎች ስማርት ስልክ ለማግኘት ካላቸው ትንሽ ገንዘብ ብዙውን ለመክፈል ዝግጁ እንደሆኑ አየች። ኩባንያው ግን ናሙናሽ መቶ ሰው ነው፣ የእኛ ዳታ በሚሊዮን ነው ብሎ አልተቀበላትም። የኩባንያው መጠይቆች ግን የተዘጋጁት ሰዎች ስማርት ስልክ ምን እንደሆነ አያውቁም በሚል ግምት ነበር። ኖኪያ የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት አስረክቦ የወጣው በ2014 ነው። ውድቀቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም። ትልቅ ዳታ ጥሩ የሚሆነው ነገ እንደ ትናንት ሲሆን መሆኑን ግን በደንብ ያሳያል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሰው አንዳንዴ የሆዱን በሆዱ ይዞ ይኖራል። ቲሙር ኩራን የተባለው ምሁር ይህን ሰፋ አድርጎ ጽፎበታል። ሁሉም በልቡ የተለየ ነገር ያስባል፣ ግን ሌላው ሁሉ የሚደግፍ ስለሚመስለው ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ጥቂቶች ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ይከተላል። በ1989 በምሥራቅ አውሮፓ የሆነው ይህ ነው ይላል፤ ለዚህም ነው ያኔ ሁሉም ሰው በድንጋጤ የተመለከተው። እንዲህ ያለውን የተሸሸገ ነገር መጠይቅ አይዘውም። ሰው የሚዝናናበት፣ የሚያምነው ሰው ፊት ያለበት ሰዓት ነው የሚይዘው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ጊዜ ይበላል። ያየሁት ነገር ምን ያህል ሰው ዘንድ እንዳለ አይነግረኝም። ደግሞ አጥኚው የሚወደውን ያያል። ይህን ለመቀነስ የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ "ወደፊት ምን ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም አያውቅም። ይልቅ ሰው የሚቸገርበትንና ችግሩን በራሱ ዘዴ የሚያልፍበትን ፈልጉ። አንድን ዕቃ ባልተሠራበት ሥራ ላይ ሲያውል፣ አንድን ደንብ በዘዴ ሲዞረው፣ እዚያ ላይ ነገ አለ።

የቆየ አሻራ መከተል

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ጥሩ ነው ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ማንም ሳይጠየቅ፣ ለሌላ ዓላማ የተመዘገበ ነገር ማለቴ ነው። ለእኔ ምርጡ የሕፃናት ስም ነው። ስም በነጻ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሠራለት ኩባንያም የለም። ስለዚህ ንጹሕ ምርጫ ነው። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ1880 ጀምሮ ያለውን ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። አልፍሬድ ክሮበርና ጄን ሪቻርድሰን ደግሞ በ1940 ባወጡት ጥናት ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ የሴቶች ቀሚስ ርዝመትና ስፋት ከሥዕሎች ላይ ለክተዋል። ያገኙት ነገር ዛሬም ያስገርማል፤ በየዓመቱ ከዲዛይነሮች ፈጠራ የሚመጣ የሚመስለው ነገር ረጅም ማዕበል ነበረው። ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ጉግል በ2010 የከፈተው የመጻሕፍት ቃላት ቆጣሪ ለመጠቀም ቀላል ነው። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሳይንስ ጽሑፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየበዛ ስለሄደ፣ የአንድ ቃል መጨመር የባህል ለውጥ ሳይሆን የመጽሐፍ ዓይነት ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያ ይጠየቅ ወይስ ብዙ ሰው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ቴትሎክ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ 284 ባለሙያዎችን ስለ ፖለቲካና ኢኮኖሚ እንዲተነብዩ እየጠየቀ መዝግቦ፣ ውጤቱን በ2005 አወጣ። በአማካይ ሲታዩ "ያለው እንዳለ ይቀጥላል" ከሚል ቀላል ግምት ብዙም አልበለጡም። በዚህ ውስጥ ግን ልዩነት ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሐሳብ የሚፈቱት፣ እሱ "ጃርት" ብሎ የጠራቸው፣ የባሰ ተሳሳቱ። ከዚህም ከዚያም ቃርመው፣ "ይሁንና" እያሉ የሚያስቡት፣ "ቀበሮ" ብሎ የጠራቸው፣ ተሻሉ። በሚዲያ ብዙ የሚጠሩትም ይበልጥ ይሳሳቱ ነበር። አድማጭ የሚወደው እርግጠኛ ድምፅ ነው፣ እርግጠኛ ድምፅ ደግሞ የጃርት ነው። አንድን የትሬንድ ሪፖርት ገዝታችሁ ከማመናችሁ በፊት ጸሐፊው አምና ምን ብሎ እንደነበር አውጥታችሁ እዩ።

ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ የስለላ ምርምር ተቋም ድጋፍ በተደረገ የትንበያ ውድድር የቴትሎክና የባርባራ ሜለርስ ቡድን ተራ ፈቃደኞችን ሰብስቦ ነበር። ጥሩ የሠሩት ሐሳባቸውን በትንሽ በትንሹ የሚያርሙና በቡድን የሚከራከሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ይህ አስተማሪ ነው፣ ግን ገደቡን እወቁ። ጥያቄዎቹ ቀን የተቆረጠላቸው፣ መልሳቸው የሚታወቅና ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ያልዘለሉ ነበሩ። የትውልድ ለውጥ እንደዚያ አይጠየቅም።

ባለሙያ መጠየቅ ግድ ከሆነ ዴልፋይ የሚባለውን መንገድ ተጠቀሙ። ራንድ የተባለው ተቋም በ1950ዎቹ ያወጣው ነው። ባለሙያዎቹ ስማቸው ሳይገለጽ ለየብቻ ይመልሳሉ። የሁሉም መልስ ከነምክንያቱ ይሰጣቸዋል። ከዚያ እንደገና ይመልሳሉ። አንጋፋው ሲናገር ሌላው አንገቱን የሚደፋበትን ነገር ያስቀራል። አንድ ጊዜ ግን ችግሩን በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ዙር ሁሉም ሲስማማ አዘጋጆቹ ደስ አላቸው፣ እኔ ግን ከፋኝ። ብቻዋን ተለይታ የነበረችው ባለሙያ ያነሳችው ምክንያት ከሁሉም ጠንካራ ነበር፣ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ግን አልነበረም። ስምምነቱን ሳይሆን የተለየውን ሰው ምክንያት ከፍ አድርጋችሁ ጻፉ።

መተንበይ በማይቻልበት ጊዜ

አንዳንድ ነገር በምንም መሣሪያ አይተነበይም፤ ይህን ማወቅ ገንዘብ ያተርፋል። በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንከን ዋትስ ያወጡት ሙከራ ማስረጃዬ ነው። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት ሰሙ። ተሳታፊዎቹ በተለያዩ "ዓለሞች" ተከፍለው ነበር፤ በእያንዳንዱ ዓለም ሰው የሚያየው የራሱን ዓለም ሰዎች ምርጫ ነው። ዘፈኖቹ አንድ ናቸው። ተወዳጅ የሆኑት ግን ከዓለም ዓለም ተለያዩ። በጣም ጥሩዎቹ ብዙም አልወደቁም፣ በጣም መጥፎዎቹ ብዙም አልተነሡም። በመካከል ያሉት ግን የትም ሊደርሱ ይችሉ ነበር። ስለዚህ "የሚቀጥለው ትልቅ ነገር ይህ ዘፈን ነው" ከሚሏችሁ ራቁ። ዜማው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ መናገር ይቻል ይሆናል፣ የአንዱን ዘፈን ዕጣ መናገር ግን አይቻልም።

ጊዜውንም መያዝ ከባድ ነው። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1964 የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሚያነጋግሩትን ሰው ፊት የሚያሳይ ስልክ አሳየ። በ1970 ፒትስበርግ ላይ ለገበያ አቀረበው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቀ። "ሰው በስልክ ፊቱ እንዲታይ አይፈልግም" ተባለ። በ2020 ዓለም ሁሉ በቪዲዮ ሲሰበሰብ አየን። አቅጣጫው ትክክል ነበር፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን ብቻ ቀደመ።

እንዲህ ላለው ነገር ሴናሪዮ ይሻላል። አንድ ነገ ከመተንበይ ይልቅ ሦስት አራት የተለያዩ ነገዎችን በታሪክ መልክ መጻፍ ማለት ነው። የነዳጅ ኩባንያው ሼል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፒየር ዋክ መሪነት ይህን ሲሠራ የነዳጅ ዋጋ ሊንር የሚችልበትን ታሪክ ለአለቆቹ አቅርቦ ነበር። በ1973 መጨረሻ ቀውሱ ሲመጣና ዋጋው በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሲሆን ጉዳዩን አስቀድመው አስበውበት ነበር። ሴናሪዮ ስትጽፉ አንዱን ጥሩ፣ አንዱን መጥፎ፣ አንዱን መካከለኛ አታድርጉ። ሁሉም ሰው መካከለኛውን ይመርጥና ሥራው ይበላሻል።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ

ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁና ጉዳዩ ወረት ከሆነ፣ የፍለጋ ዳታውን እዩ፤ አምስት ስድስት ሰው በአካል አናግሩ፣ በቃ። ብዙ ወጪ አታውጡበት፤ ጥናቱ ሳያልቅ ወረቱ ያልፋል።

ልማድ ከሆነ ቢያንስ ጥቂት ወራት ስጡት። አብሮ በመቀመጥ ጀምሩ፣ ሰዎቹ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ያዙ፣ ከዚያ በነዚያ ቃላት መጠይቅ አዘጋጁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ ሁለቱ ሲደጋገፉ ነው የሚያምረው። ፍጥነቱን ስትገምቱም አትቸኩሉ። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ በ1943 ያወጡት ጥናት አዮዋ ውስጥ ስለ ተዳቀለ የበቆሎ ዘር ነው። ዘሩ ምርት እንደሚጨምር ግልጽ ነበር። ሆኖም ካጠኗቸው 259 ገበሬዎች ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ለመቀበል ከ1928 እስከ 1941 ፈጀባቸው። ስለ ዘሩ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጭ ነው፤ ቆየት ብለው የገቡትን ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። የምታጠኑት ልማድ ከዚያ ዘር ያነሰ ጥቅም ካለው፣ ለምን በሁለት ዓመት ይስፋፋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

እምነት ከሆነ የራሳችሁን አዲስ ጥናት አትጀምሩ። ሌሎች ለአሥርት ዓመታት የሰበሰቡትን ፈልጉ፣ በትውልድ ከፋፍላችሁ አንብቡት። አንድ ዓመት የተጠየቀ አዲስ መጠይቅ ስለ ለውጥ ምንም አይነግርም፤ ለማነጻጸር ሁለት ነጥብ ያስፈልጋል።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ትንበያችሁን በቁጥርና በቀን ጻፉት። "ይህ ልማድ እየተስፋፋ ይሄዳል" አትበሉ። "እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ከጠየቅናቸው ሰዎች ግማሹ በሳምንት አንዴ ያደርጉታል፤ የመሆን ዕድሉን 80 በመቶ እሰጠዋለሁ" በሉ። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱን ማስላት ቀላል ነው፤ የአየር ትንበያ ባለሙያው ግሌን ብራየር በ1950 ያወጣው መንገድ አለ። ከሆነ፣ 0.8 ከ1 ያለውን ርቀት በራሱ አባዙት፤ 0.04 ይሆናል። ካልሆነ፣ 0.8 ከ0 ያለውን ርቀት በራሱ አባዙት፤ 0.64 ይሆናል። ያነሰው የተሻለ ነው። ሁልጊዜ "ግማሽ በግማሽ" የሚል ሰው 0.25 ያገኛል። የሃያ ትንበያዎቻችሁን አማካይ አውጡና ከ0.25 በላይ ከሆነ ዘዴውን ቀይሩ፤ በታች ከሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ሃያ አዲስ ጥያቄ ጻፉ።